የቀኝ ኋላው ስፒከር

ሆም ቴአትሩን ገዝቶ ያመጣው የእኅቴ ባል ነው። ካርቶኑ ላይ ትልቅ የሲኒማ አዳራሽ ተሥሎ ነበር፤ ከውስጡ የወጣው ግን አንድ ማጫወቻ፣ መዳፍ የሚያህሉ አምስት ስፒከሮች፣ ከጠረጴዛ ሥር የሚገባ አንድ ባስ እና ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። ርካሽ ዕቃ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበረ ካልጮኸ አይሰማውም፤ ፊልም ሲከፍት የቁም ሳጥኑ መስተዋት ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ እኅቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን በላይዋ ትዘጋለች።

እሱ ከሞተ በኋላ ግን በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን የምትከፍተው እሷ ሆነች።

እኔ እታለም ነው የምላት፤ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ደግሞ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝም እስካሁን «ትንሿ» ትለኛለች። ለሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበረች። የሠፈሩ ልጆች «እትዬ ሃሎ» የሚሏት ለዚህ ነው፤ ደስ አይላትም፣ ግን ሲጠሯት ትዞራለች። ባሏ በተቀበረ ማግሥት አንድ ሻንጣ ይዤ፣ ጥቂት ቀን አብሬያት ልቆይ ብዬ መጣሁ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ።

አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት የሚያለቅሱትን ሰዎች እየዞረች ውሃ ትቀዳላቸው ነበር። ከዚያም በኋላ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችምም። ምን ልሥራልሽ ስላት «ያገኘሽውን» ትላለች። አንድ ቀን ሾርባው ውስጥ ጨው መጨመር ጨርሶ ረሳሁ፤ ጠጥታ ጨረሰችና ሳህኗን አጥባ በቦታው ደፋችው። እኔ ስቀምሰው ነው ያወቅኩት። አዘንሽ ወይ ተብላ ብትጠየቅ፣ እንጃ፣ ምን እንደምትል አላውቅም። እጅ በቅዝቃዜ ሲደነዝዝ የያዘውን እንደማያውቀው፣ እሷም ቀኑን እንደዚያ ይዛው ትውላለች።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ እፈልጋለሁ ስትል የሰማኋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጩኸቱ ይሰማኛል» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «በሩ ሲዘጋ ይሰማኛል፣ ዝናቡም ይሰማኛል። ሰዎቹ የሚሉት ነው የማይሰማኝ።»

«እኔ ልንገርሽ?»

«አንቺ ከነገርሽኝማ የአንቺ ወሬ ሆነ። በራሴ ልስማ።»

እኔ በዚህች ነገር ተንጠለጠልኩ። አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ገና አለ ማለት ነው ብዬ። ይህም ካልተሳካላት ደግሞ ቴሌቪዥኑን ትዘጋውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ከምን ጋር እንደምትውል አላውቅም። ስለዚህ ሰው ላመጣ ሄድኩ።

ከመንገዱ ጥግ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግን ሰውዬ አለ። ማንኛውም ነገር ይበላሽ፣ «ጣጣ የለውም» ነው የሚለው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ጣጣ የለውም ይለዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ መነጽሩን በላስቲክ ከጭንቅላቱ ጋር ያሠረ ሰው ነው። ኪሱ ውስጥ ጉጠት እያለው ገመዱን በጥርሱ ነው የሚልጠው። ሳሎኑ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከማጫወቻው ኋላ ያለውን ገመድ መዘዝ አደረገና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው።

«በዚህ ልብስ ይሰፋበታል እንጂ ድምፅ አይሄድበትም» አለ። «ጣጣ የለውም እማማ፣ ወፍራም እናደርገዋለን።»

«እማማ?» አለች እኅቴ። «የራስህን ሽበት ቆጥረህ ጨርሰህ ነው?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«እሱ ይሻላል።»

ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ስትመልስ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ሻይ ጣድኩ።

ወፍራሙን ገመድ ሲጨርስ፣ እኅቴ ሶፋው መሃል ተቀመጠች። ወገቧን ቀጥ፣ አገጯን ቀና አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ ጣለች። ማዞሪያው ላይ ስትሠራ እንዲህ እንደነበረች ድሮ ምሳ ላደርስላት ስሄድ በበሩ መስተዋት አይቻታለሁ። ፊልሙ ተከፈተ። ትንሽ ቆየች።

«መስመሩ ነው» አለች።

ይህ ቃል ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ግራ ሊገባው ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማዞሪያው ላይ ደንበኛ «አይሰማኝም!» ብሎ ሲጮህ ኦፕሬተሯ መጀመሪያ የምትለው «መስመሩ ነው፣ ይታገሡ» ነው። እኅቴ ደግሞ በዚህ የታወቀች ነበረች። ዝናብ የገባበትን ገመድ ከተበጠሰው፣ የተበጠሰውን ሶኬቱ ከላላው በጆሮዋ ትለየዋለች። ሌሎቹ ሴቶች ግራ ሲገባቸው አለቃቸው «እሷን ጥሩልኝ» ትላለች፤ እኅቴ መጥታ ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ታደርግና ከሦስት ቃል በላይ ሳትሰማ ብልሽቱ የት እንዳለ ትናገራለች። ሠራተኞች ሄደው ሲቆፍሩ እዚያው ያገኙታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳተችም ይባላል። ስለዚህ መስመሩ ነው ስትል በቤታችን የሚከራከራት ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔም አመንኩ፣ ጣጣ የለውምም አመነ።

በሚቀጥለው ሳምንት የመሃሉን ስፒከር ለወጠው።

«ሰው የሚናገረው በዚህኛው ነው፣ እትዬ። ሌሎቹ ለመኪናና ለተኩስ ናቸው» አለና ከሌላ ከተበላሸ ሆም ቴአትር የወጣ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል የእንጨት ስፒከር አመጣ። ከቴሌቪዥኑ ሥር አልገባ አለ። ጎኑን አዞረው፣ አሁንም እንቢ። በመጨረሻ የታጠፈ ፎጣ አንጥፎ ከፊት ለፊቱ አቆመው፤ የቴሌቪዥኑን ታችኛውን ክፍል ሸፈነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊልም ውስጥ እግር ያለው ሰው አይተን አናውቅም።

«ይራመዳሉ ወይስ ይንሳፈፋሉ?» አለች እኅቴ።

«ዋናው አፋቸው ነው፣ እትዬ።»

ዓይኗን ጨፈነች፣ አዳመጠች። «መስመሩ ነው።»

ከዚያ ደግሞ የኋላዎቹን ሁለት ስፒከሮች ከወለሉ አነሣቸው። ጎረቤቱ ያለው በያጅ ከብረት ሁለት ረጃጅም እግሮች ሠራላቸው፤ ጥቁር ቀለም ቀብቷቸው ስለነበር ለሳምንት ያህል ቤቱ ቀለም ቀለም ሸተተ። ቀጥሎ ባዶ ወለል ድምፅ ይበትናል ተባለና ምንጣፍ አነጠፍን። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንኪያ ቢቀመጥ እንኳ አይንኳኳም። እኔና እሷ የምናወራት ትንሽ ወሬም ከአፋችን ወጥታ ሩቅ ሳትሄድ እዚያው የምትሞት ይመስለኝ ጀመር።

«መስመሩ ነው» አለች አሁንም። በዚህ ጊዜ ግን ሪሞቱን አንስታ ፊልሙ ገና መሃሉ ላይ እያለ ዘጋችው። አሥር ሰዓት ሆኖ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት የዋለበት የመጀመሪያ ቀን ማግሥቱ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጣ የተዘጋውን የቴሌቪዥን መስተዋት ስታይ ዋለች፤ ራሷ ውስጡ ትታያለች፣ ትንሽና ጥቁር ሆና።

ወደ ጣጣ የለውም ሄጄ፣ «በሞቴ፣ ሌላ ነገር የለህም?» አልኩት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «ዋናውን ማሽን እንቀይረው።»

ሰው ሁሉ ጣለው የሚለው ከበድ ያለ አሮጌ አምፕሊፋየር ነበረው፤ ፊቱ ላይ ብዙ ቁልፍ ያለበት፣ አንዷ ቁልፍ የተነቀለች። አቅፎት መጣና እያለከለከ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

«ይኸኛው ራሱን ይፈትናል፣ እትዬ። በየስፒከሩ ተራ በተራ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይልካል። አንዱ ከታመመ እዚሁ ይታወቃል።»

እኅቴ ይህን ስትሰማ ሻርፗን ከትከሻዋ ላይ አወረደች። ሥራ መሆኑ ነው።

«በሰማሁ ቁጥር እጄን አነሣለሁ» አለች። «አንተ አትናገር። ትንሿ፣ አንቺም አትናገሪ።»

ቁልፉን ተጫነ። ከግራ ፊት ለፊት ሽሽሽ አለ፤ እጇ ወዲያው ተነሣ። መሃል፤ ተነሣ። ቀኝ ፊት ለፊት፤ ትንሽ ዘግይቶ ተነሣ። ቀኝ ኋላ ሽሽሽ አለ፣ እኔ በሩ አጠገብ ሆኜ በደንብ ሰማሁት። እጇ አልተነሣም። ግራ ኋላ፤ ተነሣ።

«ተገኘ» አለች ዓይኗን ገልጣ። ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም፣ ግን ድምፅዋ ቀጥ ብሏል። «የቀኝ ኋላው ሞቷል።»

ጣጣ የለውም ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ምንጣፉ አየሁ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይሰማል እኮ…»

«ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ቀይረው።»

«በምን?»

«ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ። ብልሽቱ ከስፒከሩ ጋር ከሄደ ስፒከሩ ነው። እዚያው ከቀረ ሌላ ነው። ይህንንም እኔ ላስተምርህ?»

ማዞሪያው ላይ ብልሽት የሚፈለገው እንዲህ ነው። አንዱን ነገር ብቻ ታዞራለህ፣ ሌላውን አትነካም፤ እንደገና ታዳምጣለህ። ጣጣ የለውም ሁለቱን ስፒከሮች ከብረት እግራቸው ላይ አውርዶ አቀያየራቸው። ሽሽሽ። ግራ ኋላ እጇ ተነሣ፤ ቀኝ ኋላ አልተነሣም።

«ስፒከሩ አይደለም» አለች። «ገመዱን።»

ገመዱን ከምንጣፉ ሥር ስቦ አወጣውና አቀያየረው። የጥርሱ ምልክት ያለበትን ጫፍ እንደ አዲስ ላጠው። ሽሽሽ። ቀኝ ኋላ አልተነሣም።

«ገመዱም አይደለም። ከማሽኑ ኋላ ያለውን ቀዳዳ።»

አሁን ሰውዬውን ላብ አጥምቆታል። እንደገባው አወቅኩ፤ መነጽሩን ያለ ምክንያት ያወልቃል፣ ያደርጋል። «እትዬ፣ ለዛሬ ይብቃን፤ ይኸ ማሽን ያረጀ ስለሆነ…» አለ።

«ጣጣ የለውም ማለት ረሳህ?»

ቀዳዳውን አቀያየረ። ሽሽሽ፤ አልተነሣም።

እኅቴ እጇን ዘረጋች። በጣቶቿ ትቆጥር ነበር፤ ስፒከሩ፣ ገመዱ፣ ቀዳዳው። አራተኛዋን ጣቷን ይዛ ቆመች።

«ሳልዞር የቀረሁት እኔ ነኝ» አለች።

ተነሣች። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ጎትታ ሶፋው ፊት ለፊት አደረገችና ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ጣጣ የለውም እጁ ቁልፉ ላይ ቀርቷል፤ «ተጫን እንጂ» አለችው።

ያ ሞተ የተባለው ስፒከር አሁን በግራዋ ሆኖ ሽሽሽ ሲል እጇ ቶሎ ተነሣ። ያ ከሁሉ አስቀድማ የሰማችው፣ ከቴሌቪዥኑ በግራ ያለው፣ አሁን በቀኝ ኋላዋ ሆነ፤ ሽሽሽ አለ፣ አለቀ፣ እጇ ጉልበቷ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ዓይኗን ገለጠች። ማንም ሳይናገር ከእኔና ከሰውዬው ፊት አነበበችው።

«ብልሽቱ ከኦፕሬተሯ ነው» አለች። «ቀኙ።»

ብርጭቆ መሰበሩን እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ታልቅስ ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ቀኝ ጆሮዋን በጣቷ ነካ አደረገች፣ የጆሮ ጌጧ መውደቅ አለመውደቁን እንደሚያይ ሰው፣ ከዚያ እጇን አወረደች። ከዕድሜ ይሁን ከዚያ ሁሉ ዓመት ማዳመጫ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እሷም አልጠየቀች።

ጣጣ የለውም ገመዶቹን ይጠቀልል ጀመር።

«ወዴት?» አለችው።

«እንግዲህ እትዬ… እኔ የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።»

«ምንም አልሆነም። ብልሽቱ የት እንዳለ ካወቅን በሌላ መስመር እናዞራለን። ሁሉንም ወደ ግራ አምጣቸው።»

«ምኑን?»

«አምስቱንም። በግራዬ ደርድርልኝ።»

ሰውዬው ደረቱን ይዞ ቆመ። «እትዬ፣ ይኸ እኮ ዙሪያ ድምፅ ነው። በዙሪያ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጎን ከተደረደረማ ሆም ቴአትር መሆኑ ቀርቶ ሰልፍ ይሆናል።»

«ይሰለፉ።»

ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። የብረት እግሮቹን በግራዋ አቆመ፤ የመሃሉን የእንጨት ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ፊት አንስቶ በርጩማ ላይ ከጆሮዋ ትይዩ አደረገው። ፎጣውንም ይዞ ሄዶ አነጠፈለት። የፊልሙ ሰዎች እግራቸው ተመለሰ። ሶፋውን ጥቂት ገፋ አድርገን፣ ግራ ጆሮዋ ወደ ስፒከሮቹ እንዲሆን አመቻቸናት። ጣጣ የለውም ሥራውን ዞር ብሎ ሲያየው ፊቱ ጥርስ እንደሚያመው ሰው ሆነ። «ሰው እንዳያይብኝ» አለ።

ፊልሙ ተከፈተ። ካፖርት የለበሰ ሰውና አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ቆመው ያወራሉ። እኅቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃል በቃል እየተከተለች ነበር።

«ባቡሩ ዘገየ ነው ያለው?»

«አዎ» አልኳት።

«እሷ ደግሞ ልማዱ ነው አለች።»

«አዎ፣ እታለም።»

«እሱ ጃንጥላ ይዘሻል ወይ አላት። እሷ አልያዝኩም።»

«አዎ።»

ዓይኗን ገልጣ ወደ ጣጣ የለውም ዞረች። «ይኸው ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነበር የሚያወሩት?»

«ጣጣ የለውም፣ ሌላ ፊልም አመጣልዎታለሁ» አለ ሰውዬው፣ ድምፁ ተመልሶለት። ሻዩን ቆሞ ጠጣ፣ የተረፈውን ገመድ ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ።

እኔ በሩን ዘግቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። የእኔ ወንበር በቀኟ ነው። ወደ ወጥ ቤት ለመነሣት ስለሚመቸኝ ከመጣሁ ጀምሮ እዚያ ነው የምቀመጠው። መቀመጥ ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

እሷም ገብቷታል። ፊልሙን አቆመችው።

«እዚያ ተቀምጠሽ ብዙ አውርተሽኛል?» አለች ወደ እኔ ፊቷን አዙራ።

«ብዙም አይደለም።»

«ምን ምን?»

«ዳቦ ቤቱ መዘጋቱን። የጎረቤታችን ልጅ መንታ መውለዷን። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ማንጠብጠቡን።»

«ቧንቧው ያንጠባጥባል እንዴ?»

«አሠርቼዋለሁ፤ አምና።»

ራሷን ነቀነቀች። «ሌላስ?»

እኔ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ለመናገር እንኳ ስንት ቀን ነው በሆዴ የማመላልሰው፤ ሁለተኛ መናገር ደግሞ ሞቴ ነው። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም፤ አሁን ከንፈሬን እያየች መሆኑን አስተዋልኩ።

«ወደ ቤቴ ልመለስ ወይስ ልቆይልሽ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«መቼ?»

«በመጣሁ በሦስተኛው ወር።»

«ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላልሽኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ቆየሁ።»

በቆመው ፊልም ውስጥ ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ቀርታለች። እኅቴ እሷን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። ልትስቅ ይሆን ልትቆጣ ብዬ ጠበቅኩ፤ ፊቷ አንዱንም አልሆነም።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «እዚያ ቤትሽ የሚያስቸግርሽ ነገር ቢኖር ነው የማትሄደው ብዬ ነበር። እንዳላሳፍርሽ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

«ምንም የሚያስቸግረኝ የለም።»

«እንደሱ ነው?»

«እንደሱ ነው።»

ሪሞቱን ጉልበቷ ላይ አገላበጠችው።

«ቆዪ» አለች።

ድምፅዋ ደንበኛን መስመር ላይ የምታቆይበት ድምፅ ነበር፤ ለስለስ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ለማንም ሰው የሚሆን። ሌላ ድምፅ አሁን የላትም። ለእኔ በቃኝ።

«ወንበርሽን ግን ከዚያ አንሺው» አለች። «ወደዚህ፣ በግራ አድርጊው።»

ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ ወንበሩ አልጎተት አለኝ። በሁለት እጄ አንስቼ፣ ከሶፋው ጀርባ ዞሬ፣ ከብረት እግሮቹ መሃል በጭንቅ አስገባሁት። ስቀመጥ አንዱ ስፒከር የቴሌቪዥኑን ግማሽ ጋረደኝ፤ ከባለ ካፖርቱ ሰውዬ የሚታየኝ አንድ ትከሻውና ኮፍያው ብቻ ሆነ። እዚያው ተደላድዬ ተቀመጥኩ። እኅቴ ዓይኗን ጨፈነችና ፊልሙን ለቀቀችው።